ባላምባራስ ዘገየ በእግራቸው ሄዱ

አምቦ በመንግሥት ደብዳቤ ላይ «ሀገረ ሕይወት» እየተባለች በምትጻፍበት፣ እኛ ነዋሪዎቿ ግን አምቦ ማለታችንን ባልተውንበት ዘመን፣ በከተማይቱ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ዛሬ የምኖረው ሌላ ከተማ ነው። ከዚያ ዘመን የሚናፍቀኝ ሥራውም ደመወዙም አይደለም፤ ጠዋቱ ነው። የባሕር ዛፉ ሽታ፣ ወደ ጉደር የሚወርዱት ጋሪዎች ቃጭል፣ ከሞቀው ውሃ ላይ የሚነሳው እንፋሎት፣ «አካም ቡልቴ» ብሎ እንዴት እንዳደርክ ሳይጠይቅ የማያልፍ መንገደኛ፣ ሁሉም በዓይኔ ላይ አሉ። ያን ጠዋት ባሰብኩ ቁጥር ደግሞ ባላምባራስ ዘገየ ትዝ ይሉኛል። በማለዳ በእግር መሄድን ለከተማችን ያስተማሩት፣ ሳያስቡትና ሳይወዱ፣ እሳቸው ናቸውና።

ነገሩ የተጀመረው አውቶቡስ ላይ ነው። በመስከረም መጨረሻ ከአዲስ አበባ ስመለስ፣ ጊንጪን አልፈን የጭልሞ ደን በስተቀኝ ርቆ እየታየን ሳለ፣ የክረምቱ ጭቃ ገና ያልደረቀበት ዳገት ላይ አውቶቡሱ ይንሸራተት ጀመር። ሾፌሩ አቆመና ሰው ሁሉ ወርዶ እስከ ዳገቱ ራስ በእግሩ እንዲሄድለት ለመነ። ሴቱም ወንዱም፣ ዶሮ የታቀፈውም ቅል የያዘውም ወረደ። ከፊተኛው ወንበር ካባ ደርበው የተቀመጡ አንድ ትልቅ ሰው ብቻ አልተነቃነቁም። ቀረብ ብዬ ሳይ ባላምባራስ ዘገየ ነበሩ።

እሳቸውን ለማያውቅ ላስተዋውቅ። በፍርድ ቤታችን ለብዙ ዘመን ዳኛ ሆነው የኖሩ፣ ከሥራ በጡረታ ከተገለሉ ጥቂት ጊዜ የሆናቸው፣ ጉቦ የማያውቁ፣ ለድኻም ለባለጸጋም እኩል የሚፈርዱ ሰው ነበሩ። ነገር ግን የተከበረ ሰው በእግሩ አይሄድም የሚል እምነት ነበራቸው። ቀድሞ ከበቅሎ አይወርዱም ነበር፤ ጋሪ አምቦ ከገባ ወዲህ ደግሞ ከጋሪ አይወርዱም። ከቤታቸው እስከ ፍርድ ቤቱ ያለው መንገድ፣ ፈረሱ ተጠምዶ ጋሪው እስኪዞር ድረስ ሰው በእግሩ ደርሶ የሚቀመጥበት ነበር። ቢሆንም የሳቀባቸው አልነበረም። አቅሙ ቢኖረን ሁላችንም እንደሳቸው ባደረግን ነበር። በአምቦ በዚያን ጊዜ ያለ ጉዳይ በእግሩ ሲንጎራደድ የታየ ሰው ወይ ያጣ ወይ የነጣ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ካልሆነም ዕብድ ነው ይባላል።

ሾፌሩ እጅ ነስቶ ሲለምናቸው በመጨረሻ ወረዱ። ጥቂት እንደ ሄዱ ግን ጉልበታቸው ከዳቸው፤ ትንፋሻቸው አጠረ፤ ከመንገዱ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። የካባቸው ጫፍ ጭቃ ነካ። ልደግፋቸው ስጠጋ፣ ዳገቱን ጨርሶ የነበረ አንድ ወጣት ቁልቁል እየሮጠ ተመለሰ። «ቀስ ይበሉ አባቴ፤ መጀመሪያ በአፍንጫዎ ይተንፍሱ፤ የሚያስቸኩል ነገር የለም» አለና ክንዳቸውን በትከሻው ላይ አድርጎ፣ በየጥቂቱ እያሳረፈ፣ ከዳገቱ ራስ አደረሳቸው። ወጣቱ መምህር ጉደታ ይባላል። የጉደር ተወላጅ ሲሆን፣ አዲስ አበባ የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ተምሮ ወደ አምቦ ትምህርት ቤት ተመድቦ የሚመጣ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሦስታችን ከፊተኛው ወንበር ላይ ተጠጋግተን ተቀመጥን። ባላምባራስ እፍረታቸውን በቁጣ ሸፈኑት። ለካ የሚመለሱት ከሐኪም ቤት ነው።

«አየህ በድሉ» አሉኝ። «ያ ሐኪም ጉልበቴን ገልብጦ ገለባብጦ አየና፣ ጉልበትዎ ደህና ነው፣ የጎዳዎት መቀመጥ ነው፤ በየማለዳው በእግርዎ ይሂዱ አለኝ። መሄድ ብችል መች እሱ ዘንድ እሄድ ነበር?»

ጉደታ በትሕትና ሳቅ ብሎ ሐኪሙ እውነቱን ነው አለ። እሱ ራሱም አምቦ ሲደርስ ለተማሪዎች ብቻ ሳይሆን ለከተማው ሰው ሁሉ ትምህርት ሊከፍት እንዳሰበ አጫወተን። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ጂምናስቲክ፣ ለመንግሥት ሠራተኞች መረብ ኳስ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሞቀው ውሃ ዋና፣ ዕድሜያቸው ለገፋ ደግሞ የማለዳ የእግር መንገድ። ይህን ሁሉ ሲናገር ድምፁ ደስ ይል ነበር።

«ስማኝ ልጄ» አሉት ባላምባራስ። «ትልቅ ሰው ሲሮጥ ካየህ ወይ ቤት ተቃጥሏል ወይ ጠላት ገብቷል። አንተ ግን ምንም ሳይቃጠል ልታስሮጠን ነው። ጂምናስቲክ የምትለውንም አዲስ አበባ አይቼዋለሁ። የልጆች አባቶች በቁምጣ ተሰልፈው እንደ ምርኮኛ እጃቸውን ወደ ላይ ያነሳሉ። እኔን ማን ማረከኝና ነው እጄን የማነሳ?»

በዙሪያችን ያለው ተሳፋሪ ሁሉ ሳቀ። ጉደታም አብሮ ሳቀ እንጂ አልተቀየመም።

«ባላምባራስ፣ እንግዲያውስ እንደ ዳኛ ሆነው ይስሙኝ» አለ። «በልጅነትዎ ምን ይጫወቱ ነበር?»

ይህን ሲጠይቃቸው ፊታቸው ተለወጠ። ስለ ገና ጨዋታ ያወሩልን ጀመር። ሜዳው ከሁሉቃ ወንዝ ዳር እንደ ነበረ፣ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ተከፍሎ የእንጨት ኳሱን፣ ሩሩን፣ በዱላ እየለጋ ሲጋጠም ጀንበር እንደምትጠልቅ፣ እሳቸው በሩጫ የሚቀድማቸው እንዳልነበረ ነገሩን። የሚፎካከራቸው አንድ ብቻ ነበር፤ ባይሳ የሚባል የገበሬ ልጅ።

«አንድ ዓመት ባይሳ ሩሩን ስቶ ቅልጥሜን በዱላው አገኘኝ» አሉ። «ጠባሳው ዛሬም አለ። እኔ የጭቃ ሹም ልጅ፣ እሱ የአባቴ ጭሰኛ ልጅ። ሜዳው ሁሉ ምን ሊያደርገው ነው ብሎ ቆመ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ነውና፣ እያነከስኩ ሄጄ አቀፍኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድሜ ነው።»

ቀጥሎ የተናገሩትን በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ ነው። ኦቦ ባይሳ አሁን የሚኖሩት ወደ ወንጪ በሚያወጣው ዳገት ላይ ነው። መንገዱ የእግር ነው፤ ጋሪ አይወጣውም። ባላምባራስ ድሮ በበቅሎ እየወጡ ይጠይቋቸው ነበር። በቅሎዪቱ ከጣለቻቸው ወዲህ ግን እሷን ሸጠው ቀርተዋል። ባይሳ ከሰኔ ጀምሮ ታመው ተኝተዋል፤ በየገበያው ቀንም በልጃቸው በሌታ መልእክት ይልካሉ። በቃሬዛ የሚያወጡህ ልጆች ልላክ ብለው ነበር፤ ባላምባራስ በቁሜ ሬሳ አልሆንም ብለው እምቢ አሉ። እኒያ ኩሩ ሽማግሌ በዚህ ዓለም የቀራቸው ምኞት ወንድማቸውን በሕይወት ማየት መሆኑን ያን ቀን ተረዳሁ።

«ባላምባራስ፣ ፍርዱን እኮ ራስዎ ሰጡት» አለ ጉደታ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ያን ጊዜ የገና ሜዳ ላይ የሮጠ ሰው ክብሩ አልተነካም። ዓመቱን ሙሉ ሰው ይሄዳል፣ ይጋልባል፣ ይሰግዳል፣ ያርሳል፤ ገና የዚያ ሁሉ ጌጥ ነበረች። ዛሬ መሄዱን ለፈረስ፣ ማረሱን ለጭሰኛ፣ ውሃ መቅዳቱን ለሠራተኛ ሰጥተን እኛ ወንበር ታቀፍን። እኔ አዲስ ነገር አላመጣሁም። በአባቶቻችን እጅ የነበረውንና እኛ የጣልነውን ነው የማነሳው።»

«ካረጁ አይበጁ» አሉ ባላምባራስ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳልም ተብሏል።»

«እንቁላሉ ወደ ጫጩት ነው የሚሄደው፤ እኔ ግን ወደ መቃብር ነኝ» አሉትና የመጨረሻውን ቃል ወሰዱ። ጉደታ አልተከራከረም፤ ለመጀመሪያ ከደጃፋቸው እስከ ሁሉቃ ድልድይ ብቻ በማለዳ፣ በዝግታ ሄደው ቢመለሱ እንደሚበቃ መከራቸው። አምቦ ስንደርስ ጋሪያቸው ቆሞ ይጠብቃል። እሱ ላይ ወጥተው ሄዱ።

ጉደታ ቃሉን አልበላም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሜዳውን ከፈተ። መጀመሪያ የተከተልነው ከየመሥሪያ ቤቱ የተለቃቀምን ጥቂት ሰዎች ነበርን። እኔ በዚያን ጊዜ ሆዴ ከኮቴ ቁልፍ ጋር መጣላት ጀምሮ ነበር። ያረጀ የካኪ ሱሪዬን አስቆርጬ ቁምጣ አደረግሁና ገባሁ። በመጀመሪያው ቀን መረብ ኳሱ አፍንጫዬን አድምቶኛል፤ ገበያተኛው ሁሉ ከአጥሩ ወዲያ ቆሞ ሲስቅብንም ውሏል። ቢሆንም ማታ የበላሁት እራት እንደዚያ ቀን ጥሞኝ አያውቅም። ይህን ለባላምባራስ ስነግራቸው፣ «የሰው ሣቅ ከሆነ እራትህን የሚያጣፍጥልህ፣ አንተ ጸሐፊ ሳይሆን አዝማሪ መሆን ነበረብህ» አሉኝ።

ኅዳር ሲገባ ሌታ ከገበያ መጥቶ ከበድ ያለ መልእክት ነገራቸው። አባቱ ከአልጋ መውረድ ትተዋል፤ «ዓይኔ ሳይከደን ዘገየን ልየው» ብለዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወሰንየለሽ በማግሥቱ ሲያጫውቱኝ፣ ባላምባራስ ምሳም እራትም እንዳልበሉ፣ ተነሥተው እስከ በሩ ሄደው እንደሚመለሱ ነገሩኝ። «በቅሎ ሸጠው ጋሪ ገዙ፤ ጋሪው ደግሞ ወንጪ አይወጣ» አሉ፣ ሲያሾፉም ሲያዝኑም በሚመስል ድምፅ።

ባላምባራስ ከዚያ በኋላ ያደረጉትን እኔ የሰማሁት ከራሳቸው አፍ ነው። አንድ ማለዳ፣ ወፍ ሲንጫጫ፣ ለሚስታቸው እንኳ ሳይነግሩ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ እስከ ድልድዩ ሄደው ሰው ሳያያቸው ሊመለሱ ወጡ። እንግዲህ የሆነው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ከመንገዱ ዳር ዳቦ የሚሸጡት ወይዘሮ ፋንቱ መስኮታቸውን ሲከፍቱ ባላምባራስን አዩዋቸው። ባላምባራስ ዘገየ፣ በእግራቸው፣ ብቻቸውን፣ በማለዳ፣ ፊታቸውን ወደ ወንጪ መንገድ አዙረው። የኦቦ ባይሳን መታመም ከተማው ሁሉ ያውቃል። እሳቸውን ከጋሪ የሚያወርድ ነገር ከሞት በቀር ምን አለ? ወይዘሮ ፋንቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በራቸውን ዘጉና ከኋላ ተከተሉ። ባገራችን ልቡ የተሰበረን ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ ማን ሞተብህ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ በዝምታ ይከተሉታል እንጂ። ያገኛቸው ሁሉ ወይዘሮ ፋንቱን በዓይኑ ይጠይቃል፤ እሳቸውም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ሰውየውም ጋቢውን አስተካክሎ ከኋላ ይሰለፋል። እኔም ከመኝታዬ ተጠርቼ ኮቴን በትከሻዬ ጥዬ ደረስኩ። ጉደታም ከኋላ መጣ።

ባላምባራስ ከድልድዩ ሲደርሱ ሊመለሱ ዞር አሉ። ከተማው ከኋላቸው ቆሟል፤ ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቋል፤ ወንዱ አንገቱን ደፍቷል። እሳቸው ደግሞ ከጎረቤት አንድ ሰው ሞቶ ከልቅሶ ጋር የተገናኙ መሰላቸው። ጨዋ ሰው ናቸውና መንገድ ለቀው ቆሙ፤ ወይዘሮ ፋንቱንም ቀስ ብለው፣ «ማን ነው ያረፈው?» ብለው ጠየቁ።

ወይዘሮ ፋንቱ ሐዘን አእምሯቸውን ያሳታቸው መሰላቸውና እንባቸው መጣ። «ኦቦ ባይሳ ናቸዋ፣ ጌታዬ» አሉ።

ባላምባራስ ዱላቸው ከእጃቸው ወደቀ። ከድልድዩ የድንጋይ ክምር ላይ ተቀመጡ፤ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። «ሳላየው» አሉ። «ሳላየው ሄደ።» ለስንት ሰው ዕድሜ ልክ ሲፈርዱ ዓይናቸው ያልረጠበ ሰው፣ እንደ ሕፃን ልጅ ሲያለቅሱ እኛም ሁላችን አለቀስን። ዛሬ ይህን ስጽፍ እንኳ ያ ድምፃቸው ይሰማኛል።

ከወንጪ በኩል ሌታ እንጨት የጫነች አህያ እየነዳ ብቅ ያለው በዚህ መካከል ነው። እኛን ሲያይ ደንግጦ ቆመ፤ ማን ሞተ አለ። ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። ጉደታ ቀርቦ በኦሮምኛ ስለ አባቱ ጠየቀው። «አባቴማ አጥሚት ጠጥቶ፣ ማሩ አንሷል ብሎ እናቴን ሲቆጣት ነው የተውኩት» አለ ሌታ። ሣቁ ፈነዳ። ከሕዝቡ መካከል ያልሳቁት ባላምባራስ ብቻ ነበሩ። ጋሪ ተጠርቶ መጣላቸው፤ ወጥተው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ በራቸውንም ዘጉ።

ከቀትር በኋላ ጉደታና እኔ ልንጠይቃቸው ሄድን። ወይዘሮ ወሰንየለሽ አስገቡን። ባላምባራስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል።

«መጣህ?» አሉት ሳይዞሩ። «ሽማግሌ ሰው ለልጅ ምክር ጆሮ ሲሰጥ የሚያገኘው ይህን ነው። የተከበረ ሰው በእግሩ ከሄደ ሞት አለ ማለት ነው ብያችሁ ነበር። እነሆ፣ ሕዝቡ ራሱ መሰከረልኝ።»

ጉደታ አልተቀመጠም። ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔም በዚያው ምስክርነት ልሟገት ነው የመጣሁት፣ ባላምባራስ» አለ። «ዛሬ ጠዋት ከኋላዎ የነበረውን ሰው አይተውታል። ወይዘሮ ፋንቱ ወገቤን እያሉ ገበያ እንኳ በጋሪ የሚሄዱ ናቸው። አቶ በድሉን ያውቋቸዋል፤ የቢሮውን ደረጃ ሲወጡ ሁለት ጊዜ ያርፋሉ።» ይህን ሲል እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ። «ዛሬ ግን ወገቤ ያለ፣ ጉልበቴ ያለ፣ ክብሬ ያለ አልተገኘም። ሁሉም ወንጪ ድረስ ሊወጣ ቆርጦ ነበር። ሰው ሞቷል ተብሎ ነዋ። ባላምባራስ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ኦቦ ባይሳ ሞተው ቢሆን ኖሮ እርስዎ ከቀብሩ ይቀሩ ነበር?»

ባላምባራስ የጋቢያቸውን ጫፍ በጣታቸው ጠቀለሉ።

«አልቀርም» አሉ በመጨረሻ። «በእንብርክኬም ቢሆን እወጣው ነበር።»

«ለሬሳቸው በእንብርክክዎ ከሄዱ፣ አልጋ ላይ ሆነው በር በሩን እያዩ ለሚጠብቁዎት በእግርዎ ቢሄዱላቸው ምን ይጎድላል? ኦቦ ባይሳ ቀብራቸው ላይ ቢመጡላቸው አያዩዎትም። አባቴ፣ እኛ ያገሬ ሰዎች እግራችን ጤነኛ ነው፤ የሚነሳው ግን ሰው ሲሞት ብቻ ነው። የእኔ ትምህርት ሌላ አይደለም። ለሞተ የሚነሳው እግራችን በሕይወት ላለውም እንዲነሳ፣ መጀመሪያ ደግሞ ለራሳችን እንዲነሳ ነው።»

ወይዘሮ ወሰንየለሽ እስከዚያ ድረስ ጥጥ ሲፈትሉ በዝምታ ያዳምጡ ነበር። እንዝርታቸውን አቁመው፣ «እንግዲህ ተረትተዋል፣ ጌታዬ» አሉ።

ባላምባራስ ቀስ ብለው ወደ እኛ ዞሩ። ዓይናቸው ቀልቷል። «እኔ ድልድዩ ላይ ያለቀስኩት ስለ ሞተ አይደለም» አሉ። «ሞትማ ሁላችንም እንሞታለን። ሳልሄድለት በመቅረቴ ነው ያለቀስኩት። እግዚአብሔር መልሶ ሰጠኝ። ሁለተኛ ግን ላይሰጠኝ ይችላል።» ከዚያ ጥቂት አሰቡና፣ «ቢሆንም ነገም ብወጣ ሕዝቡ ልቅሶ ነው ብሎ ይከተለኛል» አሉ።

«ይከተልዎ» አለ ጉደታ። «እኔም የምፈልገው እሱን ነው።»

«ቁምጣ ግን አልለብስም።»

«ቁምጣው ይቅር።»

ማግሥቱን ወጡ። ወይዘሮ ፋንቱ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ይቅርታ ለመጠየቅ ብለው ተከተሉ፤ ይቅርታው በአንድ ማለዳ ስላላለቀ በሦስተኛውም በአራተኛውም ቀን ተከተሉ። እኔም ጨመርኩ። ከየቤቱ አንድ ሁለት እየወጣ፣ የድልድዩ መንገድ በማለዳ ሰው የማይታጣበት ሆነ። ሰዎች ድሮ ለቀብር ብቻ የሚገናኙት፣ አሁን በደህናው ቀን እየተገናኙ ስለ ልጅ፣ ስለ እህል፣ ስለ ዝናብ ያወጉ ጀመር። የተጣሉ ጎረቤቶች አብረው ሲሄዱ ታርቀው የተመለሱበት ጊዜ አለ፤ ባላምባራስም እየሄዱ የሚያስታርቁ ዳኛ ሆኑ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሜዳው ዳር ወንበር አስመጥተው ሲያዩን ሰነበቱ። አንድ ቀን ተነሥተው በጋቢያቸው ከሰልፉ ዳር ቆሙና ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ። «እነሆ፣ ተማረክሁ» አሉ። እሑድም ጉደታ ከሞቀው ውሃ ጠርዝ አስቀምጦ ጉልበታቸውን እንዲያጥፉና እንዲዘረጉ ያደርጋቸው ነበር። እሳቸው ጠበል ነው ይላሉ፤ እሱ ደግሞ ጠበልም ልምምድም ነው ይላል፤ በዚህ ተስማምተው ኖሩ። ለገና ጨዋታ ከተማው ዳኛ አደረጋቸው። በመካከሉ ሩሩ ከእግራቸው ሥር ቢመጣ፣ ከአንዱ ልጅ ዱላ ነጥቀው መቱት። ዳኛ አይመታም ብሎ የታች ሰፈር ጮኸ። እንደዚያ ቀን ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

ከጥምቀት በኋላ የባላምባራስ ጉልበት ጠንከር አለ፤ በማለዳ አብረናቸው የምንሄደው ሁሉ ወደ ወንጪ ወጣን። ጉደታ በየጥቂቱ ያሳርፈናል። ባላምባራስ ባረፍን ቁጥር ይቆጣሉ፤ ዱላቸውን ግን ሁለቱንም እጃቸውን ጭነው ይይዙታል። ከአንዱ ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ሌታ በጀርባዬ ልሸከምዎ ቢላቸው በዱላቸው አባረሩት። ፀሐይ ከፍ ስትል ከኦቦ ባይሳ አጥር ደረስን። የከተማ ሰዎች ብዙ ሆነን ስንመጣ አይተው የቤቱ ሴቶች ደነገጡ።

ኦቦ ባይሳ ከአልጋቸው ላይ ቀና ብለው፣ የሰውን ብዛት በበሩ አዩና፣ «ኤኙቱ ዱኤ?» አሉ፤ ማን ሞተ ማለታቸው ነው።

«ማንም አልሞተም» አሉ ባላምባራስ ከደፉ ላይ ቆመው። «አንተን ልጠይቅ መጣሁ።»

ኦቦ ባይሳ የወዳጃቸውን ፊት አላዩም፤ ቁልቁል እግራቸውን አዩ። ጫማቸው አቧራ ለብሷል።

«በእግርህ?»

«በእግሬ።»

በሽተኛው ወደ ግድግዳው ጠጋ ብለው ከአልጋቸው ላይ ቦታ ለቀቁ። «ያ ዘገየ፣ ኮቱ ታኢ» አሉ። ና ተቀመጥ። ባላምባራስ ከአጠገባቸው ተቀመጡና የሱሪያቸውን እግር ወደ ላይ ሰብስበው ጠባሳቸውን አሳዩዋቸው። ባይሳ የእኔ ዱላ አይደለም ብለው ካዱ። ቀኑን ሙሉ በዚያ ክርክር ዋሉ፤ እኛ ግን ወጥተን በግቢው ጥላ ሥር ተቀመጥን።

ከዚያ ወዲህ ባላምባራስ በየወሩ ይወጡ ነበር። ኦቦ ባይሳም ወዳጃቸው ሲመጡ ተኝተው ላለመገኘት ብለው መጀመሪያ እስከ በሩ፣ ቀጥሎ እስከ አጥሩ፣ በመጨረሻም እስከ መንገዱ መታጠፊያ ድረስ በዱላ እየወጡ ይቀበሏቸው ጀመር። የወይዘሮ ፋንቱ ወገብ ተፈታ፤ ዳቦ ተሸክመው ገበያ በእግራቸው ይሄዳሉ። የእኔም ኮት ቁልፉ ተዘጋ። ይህን የምታነቡ ወዳጆቼ፣ በምትኖሩበት ከተማ ሰውነትን የሚያፍታታ ትምህርት የሚሰጥ ሰው ቢመጣ ቁምጣውን አይታችሁ አትሳቁበት። ሜዳ ካለ ተጫወቱ፤ ውሃ ካለ ዋኙ፤ ይህ ሁሉ ቢታጣ እንኳ መንገድ የሌለው አገር የለም። የሄደ ሰው እንቅልፉ ይጥመዋል፣ ምግቡ ይስማማዋል፣ ቁጣው ይበርዳል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚወደውን ሰው ቤት ለመድረስ የሌላ ሰው ትከሻ አያስፈልገውም።

ኦቦ ባይሳ በሁለተኛው ዓመት ክረምት ዐረፉ። ዝናብ እየዘነበ፣ ከተማው ሁሉ ያን ዳገት ወጣ። ከፊት ባላምባራስ ነበሩ። ወንድማቸው ናቸውና እንደ ወጉ አለቀሱ፤ አፈሩንም በእጃቸው አለበሱ። ሁላችንም ልባቸው ይሰበራል ብለን ፈርተን ነበር። ስንመለስ ጉደታ ቀረብ ብሎ አብሯቸው ሄደ።

«ስለ እኔ አትጨነቅ፣ ልጄ» አሉት። «ሰው የሚቆጨው ያልጠገበውን ነው። እኔ ባይሳን ጠግቤዋለሁ።»

ከዚያም ዱላቸውን እየተመረኮዙ፣ ከሁላችንም ፊት ቀድመው ቁልቁለቱን ወረዱ።